የማስታወቂያ ሥዕል ጥሪና የድሩ መስኮት

በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል እንደ መጽሐፍ ጊዜ ተሰጥቶት የሚነበብ አይደለም። መንገደኛው እርምጃውን ሳይገታ፣ ሸክሙን ሳያወርድ፣ በአንድ የዐይን ጨረፍታ ሐሳቡን ተቀብሎ እንዲያልፍ ተብሎ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ከሥነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ይልቅ ለትእዛዝ የሚመቸው እርሱ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ና፣ ግዛ፣ ዝመት፣ አንብብ፣ ተጠንቀቅ ይላል እንጂ እስቲ አስብበት ለማለት ፋታ የለውም። በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው፣ ይኸው ለትእዛዝ የተመቸ ጥበብ ትእዛዝን የማይወድ ነገር ለማስተዋወቅ በተጠራ ጊዜ ምን እንደሚሆን ነው። ለምሳሌ የመረጥናቸውም የኢንተርኔት ማሰሻ፣ በተለምዶ ብራውዘር የሚባለው መሣሪያ፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዲሻገር የተሠሩት ሥዕሎች ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ይህ የሠዓሊዎችና የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን? የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አንድ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ወይም አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለኮምፒዩተሮቹ አንዱን ማሰሻ በመረጠ ጊዜ፣ ወይም ከፋብሪካው የመጣውን ሳይመርጥ እንዳለ በተወው ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ዓለምን በየትኛው መስኮት እንደሚያዩ ወስኖላቸዋል። ደብዳቤ የሚላከው፣ ትምህርት የሚፈለገው፣ ገንዘብ የሚተላለፈው በዚሁ መስኮት ነው። በመስኮቱ የሚመለከት ሰው መስኮቱ ራሱ እርሱን ይመለከተው እንደ ሆነ አያውቅም። እንግዲህ ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚጠራን ሥዕል ምን እንደሚል ማስተዋል የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም።

የማስታወቂያ ሥዕል የቅርብ አባት ተብሎ የሚቈጠረው ፈረንሳዊው ዡል ሼሬ ነው። ሼሬ በ1866 ዓ.ም. በፓሪስ ማተሚያ ቤት አቋቁሞ፣ በድንጋይ ላይ በቅባታም ቀለም የሣለውን ሥዕል በየቀለሙ እየለየ በወረቀት ላይ በመደራረብ፣ የጎዳናውን ማስታወቂያ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ አደመቀው። ከዚያም በጁላይ 29 ቀን 1881 ዓ.ም. የወጣው የፈረንሳይ የፕሬስ ነፃነት ሕግ፣ መለጠፍ ክልክል ነው ከተባለበት ቦታ በቀር ግድግዳውን ለወረቀት ክፍት አደረገው። ስለዚህ ይህ ጥበብ የሁለት ነገሮች ልጅ ነው፤ አንደኛው አዲስ መሣሪያ ሲሆን ሁለተኛው አዲስ ነፃነት ነው። በ1891 ዓ.ም. ቱሉዝ ሎትሬክ ሙላን ሩዥ ለተባለው የጭፈራ ቤት የሠራው ሥዕል የጥበቡን ብስለት ያሳያል። ጨፋሪዋ በመካከል ቀሚሷን ገልባ ስትዘል፣ ተመልካቾቹ ከኋላዋ እንደ ጥላ በጥቁር ብቻ ይታያሉ። መንገደኛው ያን ጥላ ሲያይ በዚያ መካከል የእርሱም ቦታ እንዳለ ይሰማዋል።

ከሎትሬክ በኋላ የመጣው ካሳንድር፣ በ1927 ዓ.ም. የሰሜኑን ፈጣን ባቡር፣ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ኖርማንዲ የተባለችውን መርከብ የሣለው ዕውቅ ባለሙያ፣ የማስታወቂያ ሠዓሊ እንደ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው፤ መልእክት ያስተላልፋል እንጂ አያመነጭም የሚል አስተያየት ነበረው። ስለ ሥራው ያለን አድናቆት ከፍ ያለ ቢሆንም በዚህ ቃሉ አንስማማም። በቴሌግራፍ የተላከ ቃል በሠራተኛው እጅ መልኩን አይለውጥም። የሠዓሊ እጅ ግን ያለፈበትን መልእክት ሁሉ የራሱን ጠባይ ያወርሰዋል። በ1914 ዓ.ም. እንግሊዛዊው አልፍሬድ ሊት የጦር ሚኒስትሩን ኪችነርን ጣቱን ወደ ተመልካቹ ቀስሮ ሣለው። በ1917 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግ ያንኑ ጣት ለአጎት ሳም ሰጠው፤ ያም ሥዕል በሚሊዮን በሚቈጠር ቅጂ ታተመ። ከዚያ በኋላ ጣቱን የቀሰረ ሥዕል ሁሉ፣ ሳሙና ቢሸጥም እንኳ፣ ከበስተኋላው የጦር ሜዳ ድምፅ አለበት። የአሣሣል ስልት ባዶ ዕቃ አይደለም፤ ቀድሞ የተቀመጠበትን ነገር ሽታ ይዞ ይኖራል።

ይህን ከያዝን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኔትስኬፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማሰሻው በማይክሮሶፍት እየተሸነፈ በሄደ ጊዜ፣ የማሰሻውን ምንጭ፣ ይኸውም መሐንዲሶች የጻፉትን ኮድ፣ ለሕዝብ እንደሚገልጥ በጃንዩወሪ 22 ቀን 1998 ዓ.ም. አስታወቀ። በማርች 31 ቀንም ቃሉን ፈጸመ። ሥራው ሞዚላ ተባለ። ዐርማውን እንዲሥል የተጠራው ሼፐርድ ፌሪ ነበር። ይህ ሠዓሊ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገና የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ፣ አንድሬ የተባለውን ግዙፍ ነፃ ትግለኛ ፊት በየግድግዳው እየለጠፈ የታወቀ ሲሆን፣ ኋላም ከፊቱ በታች ታዘዝ የሚል ቃል ጨምሮበታል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የባራክ ኦባማን መልክ ሥሎ ከሥሩ ተስፋ ብሎ የጻፈው እርሱ ነው። ለሞዚላ የሣለው ቀይ ዳይኖሰር ነው፤ በዙሪያው የተሠራው ማስጌጫም በወፍራም መስመርና በቀይ ኮከብ የሩሲያን የ1920ዎቹን የአብዮት ማስታወቂያ የሚያስታውስ ነበር።

የሥዕሉን ብርታት አንክድም። መስመሩ ጠንካራ ነው፤ ቀለሙ ጥቂት ሆኖ ከሩቅ ይጠራል። ቀልዱም ይገባናል፤ አንድ የካፒታሊስት ኩባንያ ንብረቱን ለሕዝብ ሲሰጥ የኮሚኒስቶችን ቀለም መቀባቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ፌዝ ነው። ይሁን እንጂ ሠዓሊው የተዋሰው ስልት ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ይገባናል።

ኤል ሊሲትስኪ በ1919 ዓ.ም. ቀይ ሽብልቅ ነጩን ክብ ሲወጋ ሣለ፤ ይህም የእርስ በርስ ጦርነት ጥሪ ነው። ሮድቼንኮ በ1924 ዓ.ም. አንዲት ሴት እጇን በአፏ ላይ አድርጋ መጽሐፍ እያለች ስትጣራ አሳየ። በዚህኛው ፊት ቆባችንን እናነሣለን፤ የሚጠራበትን ነገር በስሙ ይጠራልና፣ የሚሰጠውም ዕውቀት ነውና። ላትቪያዊው ጉስታቭ ክሉትሲስ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የተዘረጋ እጅ ሥሎ በውስጡ ብዙ ትንንሽ እጆችን ሞላበት። ፊት የለም፤ ስም የለም፤ እጅ ብቻ ነው። ያ ሁሉ እጅ የአንድ ክንድ ሆኗል፤ ክንዱ የማን እንደ ሆነ ግን ሥዕሉ አይናገርም። ክሉትሲስ በሙያው ያገለገለው መንግሥት በ1938 ዓ.ም. አስሮ በዚያው ዓመት ገደለው። ከትንንሾቹ እጆች አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ለአሜሪካዊ ወጣት ቀይ ኮከብ የሸሚዝ ጌጥ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ከ1974 እስከ 1991 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን፣ በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል ተሰቅሎ፣ የተጨበጠ ጡጫ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ተሥሎ ያየን ሕዝብ ነን። በዚያ ሥዕል ሥር ያለፈ ሰው ወደደም ጠላም አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። የቀይ ሽብር ሐዘንተኛ እናት ባለችበት አገር ይህ ስልት እንደ ቀልድ ብቻ ሊታይ አይችልም። በመሆኑም ትችታችን ሥዕሉ አስቀያሚ ነው የሚል አይደለም። ማንም ሰው ከፍቶ ይመርምረው፣ ያልወደደውን ይለውጠው የተባለ ሥራ፣ መመርመርን ሞት በማይሻል ቅጣት በቀጣ ሥርዓት ልብስ ተሸፍኖ መቅረቡ ሰሙ ወርቁን ገደለው የሚያሰኝ ነው እንላለን።

አሁን ሁለተኛውን ምሳሌ እንመልከት። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለውን ማሰሻ ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ በመስጠቱ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ሕዝብ በዚያ ብቻ ይጠቀም ነበር። ተፎካካሪ በመጥፋቱ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ስድስተኛው እትም ለብዙ ዓመት ሳይታደስ ቆየ፤ በቀዳዳውም ሌቦች ይገቡበት ጀመር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ምንጩ የተዘጋ ስለ ሆነ የውጭ ሰው መርምሮ ሊደፍነው አይችልም ነበር። ከሞዚላ የተወለደው ፋየርፎክስ በኖቬምበር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን አወጣ። በዲሴምበር 16 ቀንም በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ የያዘ ማስታወቂያ ታየ። ገንዘቡን ያዋጡት ወደ 10,000 የሚሆኑ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸውም በጥቃቅን ፊደል በገጹ ላይ ታተመ።

ይህን ገጽ በሥዕልነቱ ብንመዝነው ድካሙ ብዙ ነው። ከሩቅ አይጠራም፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለ ሆነ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግራጫ ጉም መስሎ ይታያል። ሼሬ ቢያየው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ነገር ግን ከክሉትሲስ እጅ ጋር ጎን ለጎን እናስቀምጠው። በዚያ ብዙ ሰው ስሙን ጥሎ አንድ ክንድ ሆኗል፤ በዚህ ብዙ ሰው ስሙን ይዞ አንድ ገጽ ሆኗል። እያንዳንዱ ጋዜጣውን ገዝቶ፣ ጣቱን በዓምዱ ላይ እየነዳ፣ ይኸው እኔ ለማለት ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ሥዕል ቢሆን ይህን የሚመስል ይመስለናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውም እንዲሁ፤ መቼም ስለ ኢንተርኔት ድር ለሚናገር ሰው ከዚህ የቀረበ ተረት ከየት ይገኛል? መልእክቱና መልኩ አንድ ስለ ሆኑ፣ ደካማው ሥዕል ከጠንካራው ይልቅ እውነተኛ ነው ብለን እንፈርዳለን። በሰማያዊ ሉል ዙሪያ ጅራቷን የጠቀለለችው ቀበሮ፣ ጆን ሂክስ የሣላት ዐርማ፣ ደግሞ ጣት አትቀስርም፤ ጡጫም አትጨብጥም።

ሦስተኛው ምሳሌ ነገሩን ያወሳስብብናል። ጉግል ክሮም የተባለውን ማሰሻ በሴፕቴምበር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ፣ ስኮት መክላውድ የተባለውን የተከታታይ ሥዕል ሊቅ ጠርቶ ትንሽ መጽሐፍ አሠራ። በዚያ መጽሐፍ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ተሥለው፣ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላው እንዳይወድቅ እያንዳንዱ ለብቻው ተለይቶ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳሉ። ይህ ከሁሉ የተሻለ የማስተማሪያ ሥራ ነው። አይጮኽም፤ አያዝም፤ ተመልካቹን እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ አዋቂ ቈጥሮ ምክንያቱን ይነግረዋል። አንድ መምህር ከባድ ነገርን በሥዕል ለማስረዳት ቢፈልግ ይህን ቢያይ ይጠቀማል። ከክሮም በታች ያለው ክሮሚየም የተባለው ሥራም ምንጩ ክፍት ነው።

ዳሩ ግን መልካሙ ማስረጃ ወዴት አደረሰን? ክሮም በ2012 ዓ.ም. በዓለም ከሁሉ የበለጠ ተጠቃሚ ያለው ማሰሻ ሆነ፤ ዛሬም ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ በእርሱ ይጠቀማል። ማይክሮሶፍት ራሱ የቀድሞ ሞተሩን ትቶ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ ኤጅ የተባለውን ማሰሻ በክሮሚየም ላይ አቆመ፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርንም በጁን 15 ቀን 2022 ዓ.ም. አሰናበተ። አንዱ ንጉሥ ሲወርድ ሌላው በዙፋኑ ተቀመጠ። የሞዚላም ገቢ አብዛኛው ጉግል ለፍለጋ አገልግሎቱ ከሚከፍለው ገንዘብ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ምንጩ ክፍት ነው የሚለው ቃል ብቻውን የነፃነት ዋስትና አይደለም። ደጁ ክፍት የሆነ ቤትም ጌታ አለው። መጽሐፉ ማሰሻው እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ ነገረን፤ ባለቤቱ ገንዘቡን በማስታወቂያ እንደሚያገኝ፣ ለዚህም የተጠቃሚውን ጠባይ ማወቅ እንደሚጠቅመው ግን በዚያው ብርሃን አላሳየንም። የማስረጃ ሥዕል ውሸት ሳይናገር ሊያሳስት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ የምንጠይቀውን ጥያቄ ራሱ መርጦ ይመልስልናልና።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚስማማ የማስታወቂያ ስልት የለምን? አለ ብለን እናምናለን፤ እርሱንም በአሜሪካ ከ1935 እስከ 1943 ዓ.ም. መንግሥት ሥራ ላጡ ሠዓሊዎች ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ድርጅት ውስጥ እናገኘዋለን። በዚያ የተቀጠሩ ሠዓሊዎች፣ አንቶኒ ቬሎኒስ ባስተማራቸው ዘዴ፣ ቀለምን በተወጠረ ሐር ውስጥ አሾልከው በርካሽ ዋጋ በማተም፣ ከ35,000 ንድፍ ወደ ሁለት ሚሊዮን ቅጂ አወጡ። የሚሉትም ንጹሕ ውሃ ጠጡ፣ ሐኪም ዘንድ ቶሎ ሂዱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው፣ የአገራችሁን ተራራ እዩ የመሳሰለ ነበር። ሰፊ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ጥቂት ቃል፣ ጸጥ ያለ ቅርጽ ነው። ጣት አይቀስሩም፤ ነገሩን ያሳያሉ፣ የሚገኝበትን ቦታ ይናገራሉ፣ ከዚያም ዝም ይላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ በመሆናቸው የሕዝብ ሀብት ናቸው፤ ማንም ቀድቶ ሊያትማቸው፣ ለውጦም ሊሠራባቸው ይችላል። በዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ900 የሚበልጡትን አስቀምጧል። ክፍት ምንጭ የሚለውን ቃል የማያውቁ ሠዓሊዎች የክፍት ምንጭን ሕግ በሥራቸው ፈጽመውታል። አሮጌውን ስልት መዋስ ለሚፈልግ የዘመኑ ሠዓሊ ከሞስኮ ጡጫ ይልቅ ይህ ይስማማዋል።

ለእኛስ ምን ይጠቅመናል? የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ በዚያን ጊዜ የተመዘገቡት ምልክቶች 345 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን በማንኛውም ማሰሻ ላይ በትክክል እንዲታይ ሕጉ ተገኝቷል። ሕጉን በሥራ ማዋል ግን የሠሪው ፈንታ ነው። ምንጩ በተዘጋ መሣሪያ ላይ የአማርኛ ቃል ቢዛባ፣ ምናሌውም በአማርኛ ባይገኝ፣ ባለቤቱ ገበያ እስኪታየው ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ምንጩ በተከፈተ መሣሪያ ላይ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም አንድ የቋንቋ መምህር ስሕተቱን አይቶ፣ አርሞ፣ እርማቱ እንዲገባለት ሊያቀርብ ይችላል። ሁላችን ኮድ እንድናነብ አይጠበቅብንም። ሕግ ሁሉ ሲታተም ሁላችን ጠበቃ አንሆንም፤ ታትሞ መገኘቱ ግን ለሁላችን ጠበቃ ነው።

በመጨረሻ ፍርዳችንን እንናገር። ከሦስቱ ሥዕሎች የፌሪ ዳይኖሰር ውብ ነው፤ ነገር ግን የሚጠራው በተሳሳተ ድምፅ ነው። የመክላውድ መጽሐፍ ከሁሉ የተማረ ነው፤ የጌታውን ጥቅም ግን ይሸፍናል። የ10,000ዎቹ ገጽ በሥዕልነቱ ከሁሉ ያነሰ ሲሆን በእውነተኛነቱ ይበልጣል፤ ማን እንደሚናገር በስም ያሳያልና። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ኀላፊዎችም ለመሥሪያ ቤታቸው ማሰሻ በሚመርጡበት ጊዜ፣ ማስታወቂያው ስላማረ ወይም ከፋብሪካው ስለ መጣ ብቻ እንዳይቀበሉት እናሳስባለን። ይህ መሣሪያ የማን ነው? ሊመረመር ይችላልን? የሚያኖረው ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? ብለው ይጠይቁ። እኛ በበኩላችን ምንጩ የተከፈተውን፣ ከክፍቶቹም መካከል በአንድ ባለጸጋ እጅ ያልተጠቃለለውን እንመርጣለን። ነገር ግን ይህን ምርጫችንን አንባቢ በእኛ ቃል ብቻ እንዳይቀበለው እንለምናለን። ጣታችንን ቀስረን ተሻገር ብንለው ካነቀፍነው ሥዕል በምን እንለያለን?